ኳስ በጭንቅላት፣ ጭንቅላት በአየር

ከጎንደር ተነስቶ ወደ ደባርቅ የሚሄድ መኪና ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገቱን ሲገፋ ቆይቶ ኮሶዬ ይደርሳል። መንገዱ ሰላም በሆነበት ጊዜ እዚህ ጋ ቆም የሚል ሾፌር ብዙ ነው። ከአስፋልቱ ጥቂት ራመድ ያለ ሰው መሬቱ ከእግሩ ስር ድንገት ያልቅበታል። ገደሉ ቁልቁል ይወርዳል፣ ቆላው ከታች እንደ ካርታ ተዘርግቶ ይታያል፣ ጭላዳው ሣር እየነጨ ሰውን ከቁብም አይቆጥረውም። ንፋሱ ቀዝቃዛና ንፁህ ነው።

«ቆይ አንዴ አየር ልቀበል» ብሎ የሚወርድ ተሳፋሪ አይጠፋም። ይወርዳል፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ቆሞ ደረቱን ይነፋል፣ ከዚያ እጁን ወደ ኪሱ ሰዶ ሲጋራ ያወጣል። ንፋሱ ክብሪቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ያጠፋበታል። እሱ ግን በጃኬቱ ከልሎ ይለኩሳል። አየር ልቀበል ብሎ የወረደ ሰው፣ አገሪቱ ውስጥ ካለው ንፁህ አየር መሀል ቆሞ ጭስ ይስባል!

ይሄ ሰው ሽማግሌ መንገደኛ ቢሆን ኖሮ ለስፖርት ገፅ ርዕስ ባልሆነ ነበር። ነገሩ የስፖርት የሚሆነው ኮሶዬም ሆነ ጎንደር፣ ባሕር ዳርም ሆነ አዲስ አበባ፣ ሲጋራውን የሚለኩሰው ማልያ የለበሰ ወጣት ሲሆን ነው። ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ደግሞ ሁሌም ያው ነው። «ያነቃኛል። ጭንቅላቴን ያፍታታልኛል። ሳላጨስ ማሰብ አልችልም።» ሳንባውን እንደሚጎዳው አልጠፋውም፤ ፓኮው ላይ ተፅፎለታል። ጭንቅላቱን ግን ይጠቅመኛል ብሎ ያምናል። ሳንባውን ከፍሎ ጭንቅላት የገዛ ይመስለዋል።

ችግሩ ሂሳቡ ስህተት መሆኑ ነው። ሲጋራ ሳንባውንም ጭንቅላቱንም ነው የሚወስደው።

«ያነቃል» የሚለው ወሬ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የትኛውም ከተማ ዲኤስቲቪ ቤት የገባ ሰው ይሄን ወሬ በጆሮው ይሰማዋል። አርሰናል አንድ ለባዶ እየተመራ ነው እንበል። ከኋላ ወንበር ያለው ልጅ ተነስቶ ይወጣል፣ በር ላይ ካለው አዟሪ ማስቲካና አንድ ፍሬ ሲጋራ ይገዛል። «ጨዋታውን በደንብ ልይበት» ይላል። ጎል ሲቆጠር ለደስታ ያጨሳል፣ ጎል ሲገባበት ለንዴት ያጨሳል፣ ባዶ ለባዶ ከሆነ ደግሞ ስለደበረው ያጨሳል። ሲጋራ ለሁሉም ውጤት መድኃኒት ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ወሬው ከዲኤስቲቪ ቤት አልፎ ተማሪው ጋ ደርሷል። ማትሪክ ሲቃረብ ሌሊቱን በጫትና በሲጋራ የሚገፋ አለ። ከልምምድ በፊት «ለማነቃቂያ» አንድ የሚስብ የሰፈር ተጫዋችም አለ። ታላቁ ያደረገውን ታናሹ ይከተላል፣ የቡድኑ አምበል የሚያደርገውን ተቀያሪው ይከተላል።

ለመሆኑ ኳስ ውስጥ ጭንቅላት ምን ይሠራል? ብዙ ሰው ኳስ የእግር ጉዳይ ይመስለዋል። ሆላንዳዊው ዮሐን ክራይፍ ግን ኳስ የሚጫወቱት በጭንቅላት ነው፣ እግር የሚያግዝ መሣሪያ ነው የሚል እምነት ነበረው። እውነቱን ነው። አንድ አማካይ ኳሷ እግሩ ስር ከመድረሷ በፊት ዞር ብሎ ማን የት እንዳለ ማየት አለበት። ማን ፈጥኖ እየመጣበት ነው? የትኛው አጥቂ ነው ከመስመር ሊነሳ ያለው? ይሄን ሁሉ አይቶ የሚወስነው በሰከንድ ውስጥ ነው። ግማሽ ሰከንድ የዘገየ ተከላካይ ኦፍሳይድ መስመሩን ያፈርሳል። ቁመቱ፣ ጉልበቱ፣ ፍጥነቱ ሁሉ እያለው ጭንቅላቱ ስለዘገየ ብቻ ጎል ይገባበታል።

ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ የጎንደር ሰው የተደሰተው በጉልበት ብቻ አይደለም። ያን ዓመት ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ነበር የተካሄደው። ከአዲስ አበባ ከፍታ እስከ ድሬዳዋ ሙቀት ድረስ ነው የተጫወቱት። በስዩም ከበደ የሚመሩት አፄዎቹ በየሄዱበት አየር ተረጋግተው፣ አስበው ተጫውተው ነው ዋንጫውን ወደ ጎንደር የወሰዱት። ዋንጫ እንዲህ ባለ ጭንቅላት ነው የሚመጣው።

የደገኛው ደም

አሁን ወደ ኮሶዬ እንመለስ። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚያገኘው ከሩብ በላይ ያንሳል። ጎንደር ከተማ ራሷ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ አዲስ አበባ ስታዲየምም ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረ የውጭ ቡድን ገና ከአውሮፕላን ሳይወርድ ስለ ከፍታው ማውራት የሚጀምረው ለዚህ ነበር። ከፍታ ለኢትዮጵያ ቡድን አስራ ሁለተኛ ተጫዋች ነበር።

ደገኛው ይሄን ስስ አየር እንዴት እንደሚችለው ሳይንቲስቶችንም አስገርሟል። አሜሪካዊቷ ሲንቲያ ቢል ከባልደረቦቿ ጋር ሆና በሰሜን ተራሮች በምትገኘው አምባራስ፣ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምራ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳትማለች። የሰዎቹ ደም ኦክስጅን የመሸከም መጠን በአማካይ ከመቶ 95.3 ሆኖ ተገኘ። ይሄ ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚኖር ሰው ጋር የሚቀራረብ ቁጥር ነው። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ከፍታውን የሚቋቋሙት ደማቸውን በማወፈር ነው። የሰሜን ሰው ግን ደሙ ሳይወፍር ነው ኦክስጅኑን ይዞ የተገኘው። ማለትም ከኮሶዬ አልፎ፣ በዚያው መንገድ ወደ ላይ ያለው የደገኛ ልጅ በገንዘብ የማይገዛ ስጦታ ይዞ ነው የተወለደው። አውሮፓዊ ክለብ ተጫዋቾቹን ከፍታ ላይ ለማሰልጠን ገንዘብ ያወጣል። እሱ ግን ከእናቱ ማኅፀን ይዞት ነው የወጣው።

ሲጋራ ምን ያደርጋል? የሲጋራ ጭስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ አለ። በተዘጋ ቤት የከሰል ጭስ ሰው የሚገድለው በዚሁ ጋዝ ነው። ደም ውስጥ ኦክስጅንን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ይሄን ጋዝ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ሚኒባስ ውስጥ እንደሚቀመጥ ተሳፋሪ አስቡት። ጋዙ ወንበሩን ይይዛል፣ ኦክስጅኑ ፌርማታ ላይ ይቀራል። ጋዙ ደግሞ ቶሎ አይወርድም። ግማሹ እስኪወጣ እንኳን አራት አምስት ሰዓት ይፈጃል። በቀን አንድ ፓኮ የሚያጨስ ሰው ከደሙ ወንበር ከመቶ አምስት ያህሉን፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ፣ ለዚህ ጋዝ አስረክቦ ነው የሚውለው።

በደጋ አገር ይሄ ቁጥር ቀልድ አይደለም። አየሩ ራሱ ስስ ነው፣ ከስሱ ላይ ደግሞ ይቀነሳል። የሚጎዳው እግር ብቻ ቢሆን ጥሩ። አእምሮ ከሰውነት ክብደት ከመቶ ሁለት ያህሉ ነው፤ ሰውነት ከሚጠቀምበት ኦክስጅን ግን ከመቶ ሃያ ያህሉን የሚወስደው እሱ ነው። ኦክስጅን ሲጎድል ከሁሉም በፊት የሚሰማውም እሱ ነው። የአምባራስ ሰው አባቶቹ ያወረሱትን ከፍታ የመቋቋም ስጦታ፣ ልጁ ኮሶዬ ላይ ቆሞ በጭስ ይመነዝረዋል።

ነገሩ ብድር ነው

እዚህ ጋ የሚያጨሰው ሰው ዝም አይልም። «እሺ፣ ግን ሳጨስ እኮ የምር እነቃለሁ!» ይላል። ውሸቱን አይደለም። በሳይንስም ያለ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ፣ 41 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ፣ ኒኮቲን ለጊዜው ንቃትንና ትኩረትን ትንሽ ከፍ እንደሚያደርግ አረጋግጧል። ኒኮቲን ከተሳበ በኋላ በሃያ ሰከንድ ውስጥ አእምሮ ጋ ይደርሳል። ይሄን የሚክድ ሰው ከወጣቱ ጋር መከራከር አይችልም፤ ወጣቱ በራሱ ላይ አይቶታልና።

ጥያቄው መነቃቃቱ ከየት መጣ የሚለው ነው። ኒኮቲን ደም ውስጥ ብዙ አይቆይም። በሁለት ሰዓት ገደማ ግማሹ ይጠፋል። የለመደ አእምሮ ደግሞ ሲጎድልበት ይጮሃል። ሐራራ የሚባለው ይሄ ነው። ሐራራ ሲመጣ ሰው ይነጫነጫል፣ ሀሳቡ ይበተናል፣ አንድ ቦታ መቀመጥ ያቅተዋል። ከዚያ አንድ ሲጋራ ሲስብ ሁሉም ነገር ጥርት ይልለታል። «አነቃኝ» ይላል። እውነቱ ግን ከጉድጓድ ወጣ እንጂ ተራራ አልወጣም። ያላጨሰው ጓደኛው ሳይለኩስ የቆመበት ቦታ ላይ ነው እሱ ከፍሎ የደረሰው። ጉድጓዱን የቆፈረችው ደግሞ የቅድሟ ሲጋራ ናት።

ይሄን በኳስ ሰዓት እናስላው። ተጫዋቹ ከሆቴል ከመነሳቱ በፊት አንድ አጨሰ እንበል። መንገድ፣ ልብስ መቀየር፣ ማሟሟቂያ፣ አርባ አምስት ደቂቃ፣ የአስራ አምስት ደቂቃ እረፍት፣ ከዚያ ሌላ አርባ አምስት። ሁለተኛው አጋማሽ ሲጋመስ ሲጋራዋ ከተጨሰች ሦስት ሰዓት አልፏታል። ጨዋታው የሚወሰነው ደግሞ መቼ ነው? ሰው ሁሉ ሲደክም፣ ክፍተት ሲበዛ፣ በ70ኛውና በ90ኛው ደቂቃ መሀል ነው። የእሱ ሐራራ የሚነሳውም ያኔ ነው። ሜዳ መሀል አጫሽ ተጫዋች ሲጋራ መለኮስ አይችልም። ባላጋራው አጠገቡ ተረጋግቶ ያስባል፤ እሱ ግማሽ ሀሳቡ ጎል ላይ፣ ግማሽ ሀሳቡ ፓኮው ላይ ነው። ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓትና ፍፁም ቅጣት ምት ከሄደማ ከባሰው ቀን ላይ ጣለው።

ደጋፊውም ከዚህ አይዘልም። በእረፍት ሰዓት ወጥቶ ካላጨሰ ሁለተኛውን አጋማሽ ማየት የማይችል ደጋፊ ጨዋታውን በደንብ እያየ አይደለም። ሰዓቱን ነው እያየ ያለው።

ክራይፍና ከረሜላው

«ታዲያ ትላልቆቹስ?» የሚለው ክርክር ይቀጥላል። ዚነዲን ዚዳን እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም ዋንጫ ከፖርቱጋል ጋር ከሚደረገው ግማሽ ፍፃሜ በፊት ሲያጨስ ፎቶ ተነስቷል። በጨዋታው ፈረንሳይን ለፍፃሜ ያሳለፈችውን ፍፁም ቅጣት ምት ያገባውም እሱ ነው። በፍፃሜው ጭንቅላቱ ምን እንደሠራ ደግሞ ሁሉም ያስታውሳል! ያንን ሲጋራ ላይ መለጠፍ ግን ቀልድ እንጂ ክርክር አይሆንም። ዚዳን አጭሶም ዚዳን ሆኗል። ነገር ግን ዚዳንን ዚዳን ያደረገው ሲጋራ ቢሆን ኖሮ በየካፌው በር ላይ አንድ አንድ ዚዳን በቆመ ነበር።

ከሁሉም የሚያስተምረው የክራይፍ ታሪክ ነው። ሰውየው ከተጫዋችነቱ ጀምሮ ከባድ አጫሽ ነበር። አሰልጣኝ ሆኖ ባርሴሎናን ሲይዝም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲጋራ በሲጋራ ላይ ይለኩስ ነበር። «ሲጋራ ከሌለ ታክቲክ የለም» የሚል ሰው ምሳሌ ፈልጎ አያጣም ነበር፤ የዓለም ምርጡ የኳስ ጭንቅላት ከጭስ ጋር ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1991 መጀመሪያ ላይ ግን ልቡ እንቢ አለ። ቀዶ ጥገና ተደረገለት፣ ሲጋራውንም እርግፍ አድርጎ ተወ። ከዚያ በኋላ ወንበሩ ላይ የሚታየው ሲጋራ ይዞ ሳይሆን እንጨት ያለው የሕፃን ከረሜላ ጎርሶ ነበር። ኳስ ሕይወቱን ሙሉ እንደሰጠው፣ ሲጋራ ግን ያንን ሁሉ ሊወስድበት እንደነበር የሚናገርበት የፀረ ትንባሆ ማስታወቂያም ሠራ።

አሁን ዋንጫዎቹን ቁጠሩ። የክራይፍ ባርሴሎና በተከታታይ ያነሳቸው አራት የስፔን ሊግ ዋንጫዎች የ1991፣ የ1992፣ የ1993 እና የ1994 ናቸው። ክለቡ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮን የሆነውም በግንቦት 1992 ዌምብሌይ ላይ ነው። አምስቱም ዋንጫ የተነሳው ሲጋራው ከጠፋ በኋላ ነው! ከረሜላው ነው ዋንጫውን ያመጣው ማለት አይደለም። ነገር ግን «ሳላጨስ ማሰብ አልችልም» ለሚለው ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም። ክራይፍ ሳያጨስ አሰበ፤ ያሰበውንም ዓለም እስከ ዛሬ እየተማረበት ነው። ሲጋራው ግን ዕዳውን አልረሳም። ክራይፍ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2016 በሳንባ ካንሰር ሞተ። ዕድሜው 68 ነበር።

የጣሊያናዊው ማውሪሲዮ ሳሪ ነገርም አለ። ቼልሲን ይዞ እንግሊዝ ሲገባ ሜዳ ዳር ማጨስ ስለማይቻል ያልተለኮሰ ሲጋራ አፉ ውስጥ አድርጎ ሲያኝክ ካሜራ በተደጋጋሚ አሳይቶታል። በዚያ ዓመት የዩሮፓ ሊግን ዋንጫ አንስቷል፣ ጎበዝ አሰልጣኝነቱ አያጠያይቅም። ግን ያ ምስል የሚያሳየው ሲጋራ ሲያነቃው ነው ወይስ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ሲያሰቃየው? በ2019 ወደ ጁቬንቱስ ሲሄድ ደግሞ የሳንባ ምች ይዞት የሊጉ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጨዋታዎች አምልጠውታል።

የዓመታቱ ሂሳብ

የአንድ ጨዋታው ይሄ ከሆነ፣ የዕድሜ ልኩስ? እንግሊዝ ውስጥ 5,099 ወንዶችንና 2,137 ሴቶችን፣ ሁሉም የመንግሥት ሠራተኞች የነበሩ፣ ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2012 ወጥቷል። የማስታወስና የማመዛዘን ችሎታቸው በየጊዜው ይለካ ነበር። የሚያጨሱት ወንዶች አእምሮ ከማያጨሱት ይልቅ ፈጥኖ ሲያረጅ ተገኘ። በተመራማሪዎቹ አባባል የ50 ዓመቱ አጫሽ ካላጨሰ የ60 ዓመት ሰው ጋር ተቀራረበ። አስር ዓመት በጭስ ሄደ ማለት ነው። በሴቶቹ ላይ ይሄ ልዩነት አልታየም። ደስ የሚለው ነገር ደግሞ ካቆሙ አስር ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ወንዶች ካላጨሱት ጋር እኩል ሆነው መገኘታቸው ነው። የሄደው ይመለሳል፣ ጊዜ ግን ይፈልጋል።

ወጣቶቹ ላይም የታየ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የእስራኤል ጥናት ከ20,000 በላይ ወጣት ወታደሮችን ፈትኖ፣ አጫሾቹ በአእምሮ ፈተና በአማካይ 94፣ የማያጨሱት 101 እንዳገኙ አሳይቷል። እዚህ ጋ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከሲጋራው በፊት የነበረ ልዩነትም ሊሆን ይችላል። ተመራማሪዎቹም ሲጋራ ብቻውን ነው ይሄን ያደረገው አላሉም። ሆኖም አንድ ነገር ግልፅ ነው። ሲጋራ ጭንቅላትን ከፍ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ በተገላቢጦሽ በሆነ ነበር። የሰው አእምሮ፣ በተለይም ማመዛዘንና ራስን መግዛትን የሚመራው ክፍል፣ እስከ 25 ዓመት ገደማ እየተሠራ ይሄዳል። የ16 ዓመቱ ተስፈኛ ቡድን ተጫዋች ሲያጨስ ቤቱ ተሠርቶ ሳያልቅ እሳት እየለቀቀበት ነው።

ከከንፈር ቆረጣ እስከ አዋጅ

የሰሜኑ ደጋ ለትንባሆ እንግዳ አይደለም፤ ወዳጅም አልነበረም። ቤተ ክርስቲያኒቱ ስትጠየፈው ኖራለች። በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን ትንባሆ ያጨሰ ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ አፍንጫው እንዲቆረጥ ታዝዞ እንደነበር ተፅፏል። ያ ቅጣት ዛሬ ይመለስ የሚል ጤነኛ ሰው የለም። በቆረጣ ሱስ አይድንም። ግን ያኔ ነውር የነበረው ነገር ዛሬ በልጆች ዘንድ የንቃት ምልክት ሆኖ ሲታይ የሆነ ቦታ ላይ ኳሱ እንዳመለጠ ያሳያል።

ዛሬም ሕግ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ በሚጠቀምበት ዝግ ቦታ ማጨስን ከልክሏል፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው ሲጋራ እንዳይሸጥ አዟል፣ የትንባሆ ማስታወቂያን ዘግቷል፣ ሺሻንም አግዷል። ዲኤስቲቪ ቤት ዝግ ቦታ ነው። ማልያ ለብሶ ኋላ ወንበር የተቀመጠው የአስራ ሰባት ዓመት ልጅ 21 አልሞላውም። ሕጉ ሜዳ ገብቷል፣ ፊሽካ የሚነፋ ዳኛ ግን በየቦታው አይታይም። አጠገቡ ያለው የማያጨስ ደጋፊ ደግሞ ጭሱን በነፃ ይጋራል፤ ትኬት ሳይቆርጥ የሌላውን ጨዋታ ይጫወታል።

አገሪቱ ገና አልተሸነፈችም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ አዋቂ ሰው ትንባሆ የሚጠቀመው አምስቱ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። በዚያው ዓመት የጃፓኑ የትንባሆ ኩባንያ ከብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት 40 በመቶውን ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በቀጣዩ ዓመትም ድርሻውን ወደ 71 በመቶ ገደማ አሳደገ። ነጋዴ ከመቶ አምስት ሰው ብቻ በሚያጨስበት አገር ይሄን ያህል ገንዘብ የሚያፈሰው ለምን ይመስላል? ያልጀመሩትን ዘጠና አምስቱን አይቶ ነው። ከዘጠና አምስቱ ደግሞ ብዙው ወጣት ነው፤ ወጣቱ ደግሞ ኳስ ቤት ነው ያለው።

ኳሱ በማን እግር ስር ነው?

የመጀመሪያው ኳስ በአሰልጣኞች እግር ስር ናት። የታዳጊ ቡድን አሰልጣኝ ልጁን «አታጭስ፣ ሳንባህ ይጎዳል» ቢለው ልጁ ሰምቶታል፣ ለምዶታልም። «በ75ኛው ደቂቃ ጭንቅላትህ አብሮህ እንዲኖር እፈልጋለሁ» ቢለው ግን በሚገባው ቋንቋ ነገረው ማለት ነው። አሰልጣኙ ራሱ ሜዳ ዳር እያጨሰ ከሆነማ ምክሩ ከአፉ ሳይወጣ ጭስ ይሆናል።

ሁለተኛዋ በዲኤስቲቪ ቤት ባለቤቶች እግር ስር ናት። በሩ ላይ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ወረቀት መለጠፍ ቀላል ነው፤ ሲያጨስ የተገኘውን ቋሚ ደንበኛ «ወንድሜ፣ ውጪ» ማለት ነው ከባዱ። ግን የማያጨሰው ደንበኛ ይበልጣል፤ እሱም ሒሳብ ይከፍላል።

ሦስተኛዋ በደጋፊው ናት። ፊፋ እ.ኤ.አ. የ2002ን የኮሪያና የጃፓን የዓለም ዋንጫ ከትንባሆ ነፃ ብሎ ሲያውጅ ዓለም አልፈረሰችም። ሮናልዶ ሁለት ጎል አገባ፣ ብራዚልም ዋንጫዋን ወሰደች። የጎንደር ደጋፊ ፋሲለደስ ስታዲየምን በዘፈን ያናውጥ የነበረው በትንፋሹ ነው። ያ ትንፋሽ የክለቡ ሀብት ነው።

የመጨረሻዋ ኳስ በራሱ በአጫሹ እግር ስር ናት። ማቆም እንደሚከብደው እውነት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ከሁሉም የባሱ ናቸው፤ ይነጫነጫል፣ ሀሳቡ ይበታተናል፣ «ይኸው ሳላጨስ ማሰብ አልቻልኩም» ይላል። ያ ግን የአእምሮው ተፈጥሮ አይደለም፣ ሐራራው ነው፤ በሳምንታት ውስጥም እየለቀቀው ይሄዳል። ካርቦን ሞኖክሳይዱማ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከደሙ ይወጣል፣ ወንበሩም ለኦክስጅን ይለቀቃል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ 26 ጥናቶችን የመረመረ ሥራ ያቆሙ ሰዎች ካላቆሙት ይልቅ ጭንቀታቸው መቀነሱን አሳይቷል። «ለጭንቀት ነው የማጨሰው» የሚለውም ወሬ እዚህ ጋ ቀይ ካርድ ያያል።

ኮሶዬ የሚለው ስም ኮሶን ያስታውሳል። የድሮ ሰው ኮሶ ሲጠጣ ይመርረው ነበር፤ ግን ትሉን ለማውጣት አይኑን ጨፍኖ ይጨልጠው ነበር። ለአጫሹም የነዚያ ሦስት ቀናት ምሬት ኮሶው ነው። ጠጥቶ የጨረሰ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ መኪናው ኮሶዬ ላይ ቆም ሲል «አየር ልቀበል» ብሎ ይውረድ። ገደሉ ጫፍ ላይ ቆሞ ደረቱን ይንፋ፣ እጁን ከኪሱ ያውጣ። የዚያን ጊዜ የምር አየር ተቀበለ ይባላል።